ሰው እንዳይልክበት

አባባ የደወሉልኝ አንዲት አሮጊት በዊልቸር እየገፋሁ ሳለ ነው። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ኤርፖርት ውስጥ መራመድ የከበዳቸውን መንገደኞች ከበር በር እገፋለሁ። በሥራ ሰዓት ስልክ ማንሳት ክልክል ቢሆንም አባባ ያለ ነገር የማይደውሉ ሰው ስለሆኑ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ሸጉጬ አነሳሁት።

«እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ!» አሉኝ ገና ሃሎ ሳልል። «ጉዳዩ አለቀ። ወንድምሽን ይቅር ብሎታል።»

«ማን ነው ይቅር ያለው አባባ?»

«ማን ይሆናል፣ ያ ክንዱ የተሰበረው ልጅ ነዋ! ይኸው አሁን ከቤቱ መውጣቴ ነው። ዋይሊ ከተማ ድረስ ሄጄ አነጋገርኩት። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። የፊታችን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አገናኛችኋለሁ፤ ትሳሳማላችሁ።»

ዊልቸሩን አቆምኩት። አሮጊቷ የደረስን መስሏት ለመነሳት መንደፋደፍ ጀመረች። እኔ ክው ብዬ ቀርቼ እጄን እንኳ ልሰጣት አልቻልኩም።

አባባ አባቴ አይደሉም። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ ዳላስ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ሰው ማስታረቅ ሆኗል። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ አብሮ አደግ ሲኳረፍ እሳቸው ጋ ነው የሚኬደው። የእሳቸው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያልተላቀሰ ሐበሻ ጥቂት ነው። ይህን ዜና ሌላ ሰው ቢሰማው እልል ይል ነበር። እኔ እልል ያላልኩት ወንድሜ በዋስ ሲለቀቅ የተሰጠውን ትእዛዝ በቃሌ ስለማውቀው ነው። የተጎዳውን ሰው እንዳይቀርበው፣ እንዳይደውልለት፣ እንዳይጽፍለት፣ ሰውም እንዳይልክበት ይላል። ይህን ከጣሰ ዋስትናው ተነስቶ እስር ቤት ሆኖ ይጠብቃል። የወንድሜ እንግሊዝኛ ያኔ ከ«ሃይ» እና ከ«ኦኬ» ስለማያልፍ አንብቤ የተረጎምኩለት እኔ ነኝ። «ሰውም እንዳይልክበት» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ መጥቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ መላክን ከየት አወቁት ብዬ ነበር የሳቅኩት።

ጠቡ የተነሳው ኮሮና ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ወንድሜ ሎተሪ ደርሶት በመጣ በዓመቱ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ውስጥ ከአንድ የአገር ልጅ ጋር አፓርትመንት ተጋርቶ ይኖር ነበር። ሁለቱም የኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል አውቶቡስ ይነዳሉ። ከአንድ ድስት ይበላሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሳቸውን አብረው ያጥባሉ። አንድ አመሻሽ ላይ ከደጅ ባለው የብረት ደረጃ ላይ ተጨቃጨቁ፤ ወንድሜ ገፋው፤ ልጁ እስከ ታች ተንከባለለና ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ፖሊስ የጠራው ጎረቤት ነው። በምን ተጣላችሁ ሲባል ወንድሜ «ባልታጠበ ድስት» አለ። ለእኔም የነገረኝ ይህንኑ ነው። እናታችን አገር ቤት ካረፈች ገና ሁለት ወር አልሞላትም ነበር፤ ሁለታችንም ለቀብሯ አልደረስንም፤ ስለዚህ ሐዘን ያበሸቀው ሰው በድስትም ይጣላል ብዬ ተቀበልኩት።

ክሱ ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ ነው። መንግሥት የመደበልን ጠበቃ፣ ማኅደሮቿን በባለጎማ ሻንጣ እየጎተተች የምትዞር ሴት ናት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችን። ግሪን ካርድ ይዞ እንዲህ ባለ ክስ የተፈረደበት ሰው እስሩን ሲጨርስ ወደ አገሩ ሊሸኝ ይችላል። እዚያ የሚጠብቀው ቤት የለም። እዚህ ደግሞ እኔ ከእሱ ሌላ ሰው የለኝም።

ከዚያ ኮሮና መጣና ፍርድ ቤቱ ተዘጋ። ከተከፈተ በኋላም ቢሆን የሰው ብዛት ሌላ ነበር። ቀጠሮ ሲደርስ ከሥራ አስፈቅደን እንሄዳለን፤ ጠበቃዋ ከበሩ ብቅ ትልና «ሪሴት» ትለናለች። ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ሪሴት። አንዳንዴ በቪዲዮ ይሆንና ወንድሜ ከላይ ክራባት ከታች ፒጃማ አድርጎ ሶፋዬ ላይ ተኮፍሶ ይቀመጣል። መጀመሪያ መጓተቱን ስረግመው ነበር። ሦስት ዓመት ሲያልፍ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለመድነው። እሱ እኔ ጋ ኤርፖርቱ አጠገብ ወዳለችው ዩለስ ገባ፣ መጋዘን ሥራ አገኘ፣ ደህና አልጋ ገዛ፣ እንደገና መሳቅ ጀመረ። ፍርሃቴም ተኛልኝ። ቀጠሮ ሲራዘም ፊቴን አጨማድጄ ጠበቃዋ ፊት አዝናለሁ፤ መኪና ውስጥ ስገባ ግን ተመስገን እል ነበር።

አንድ ጧት መኪና እየነዳሁ በሬዲዮ ካውንቲው በኮሮና ጊዜ የተከማቹትን መዝገቦች ለማቃለል ተጨማሪ ችሎት ከፈተ፣ ጡረታ የወጡ ዳኞችንም መልሶ ጠራ ሲባል ሰማሁ። «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!» አልኩ ብቻዬን፣ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል። በሳምንቱ ጠበቃዋ ጻፈችልኝ። የእኛም መዝገብ ወደ አዲሱ ችሎት ተዛውሯል፤ ቀኑ ተቆርጧል፤ ከእንግዲህ ሪሴት የለም።

ያን ቀን ወንድሜ ከሥራ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩትና ነገርኩት። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አዲሱ አልጋው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። «ሶ፣ መጣ በያ» አለኝ።

እንግዲህ አባባ ዋይሊ ሄደው የምሥራች ያሉኝ ይህ ከሆነ በኋላ፣ ቀጠሮው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። አሮጊቷን አድርሼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ለጠበቃዋ ደወልኩ። ቁጥሯን ሁለቴ ተሳሳትኩ። ነገሩን ነገርኳት። ሻንጣዋ ወለሉ ላይ ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር፤ ድምፁ ቆመ።

«ማን ላካቸው?» አለችኝ በእንግሊዝኛዋ ቀስ ብላ።

«አላውቅም።»

«ዐቃቤ ሕጉ በዚህ ሰሞን ሰውየውን ለምስክርነት ሊያዘጋጀው ይጠራዋል። ቤትህ የመጣ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ምን ብሎ የሚመልስ ይመስልሻል?»

ምን ብሎ እንደሚመልስ አሳምሬ አውቃለሁ። ልጁ ክፉ አይደለም። ደረቱን ነፍቶ፣ እኛን የጠቀመ መስሎት፣ ሽማግሌ መጥቶልኝ ታርቀናል፣ ክሱንም አልፈልገውም ይላል። እኛ አገር ቢሆን ባለቤቱ ይቅር ካለ ነገሩ ያበቃል። እዚህ ግን የክሱ ባለቤት ልጁ አይደለም፤ ከሳሹ ቴክሳስ ነው። ቴክሳስን ደግሞ ማን ሶፋ ላይ አስቀምጦ ያስታርቀዋል?

«ደውዬ ዝም በል ልበለው?» አልኳት።

«እንዳታደርጊው!» ብላ ጮኸችብኝ። እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «እሱን ካደረግሽ አንቺም ወንጀል ውስጥ ትገቢያለሽ። አትደውይለት፣ አታግኚው፣ ሰው አትላኪበት።»

ሰው አትላኪበት። ያቺ ቃል እኔም ላይ መጣች።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። በር ሲንኳኳ ወንድሜን ሊወስዱት የመጡ እየመሰለኝ መጋረጃ ገልጬ አያለሁ፤ ፖስተኛው ነው፣ ወይም ቤት የተሳሳተ ፒዛ አመላላሽ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን እሁድ ነበር። ልቅርም ብዬ አስቤ ነበር። አባባ አገናኛችኋለሁ ያሉትን እንዳያደርጉ ደውዬ ለምኛቸዋለሁ፤ «ኋላ ቤት መጥቼ እንነጋገራለን» ብለውኛል። ወንድሜ ቤት ቀረ። እኔ ብቀር ደግሞ ልጁ ተናቅሁ ብሎ ይቀየማል ብዬ ፈራሁና ሄድኩ፤ ከኋላ ቆሜ ሳላስቀድስ በዓይኔ እሱን ስፈልግ ዋልኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ አየኝ። ፊቱ በራ። ነጠላውን አስተካክሎ፣ በሰዉ መሃል እየተሽሎከለከ፣ ግራ እጁን እንደ ዘረጋ ወደ እኔ መጣ። ክንዱ ከዚያ ወዲህ በደንብ አይዘረጋም፤ ግማሽ ላይ ይቆማል። «እህቴ!» አለኝ ከሩቅ።

ሮጥኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል። ይቅር ብሎ እጁን ዘርግቶ ከሚመጣ ሰው፣ ታቦት ባለበት ግቢ፣ ነጠላዬን እያንዠረገግሁ በልጆቹ መማሪያ ክፍል በኩል ሾልኬ ሮጥኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ቆልፌ ቁና ቁና እየተነፈስኩ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየሁ። ግቢው በር ላይ ቆሟል። እጁ አልወረደም፤ ፊቱ ግን ጨልሟል። ትእዛዙን አክብሬ ልጁን አዋረድኩት ማለት ነው። ከታረቀ ሰው መሸሽ በእኛ ወግ ከመጀመሪያው ጠብ ይብሳል። አሁን ተቀይሞ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምን ይል ይሆን እያልኩ እስከ ዩለስ ድረስ ነዳሁ።

አባባ ከሰዓት በኋላ ቤት መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡና አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አስደገፉ።

«ከልጁ ሸሸሽ አሉኝ።»

«አዎ ሸሸሁ። አባባ፣ እርስዎ የሠሩት ነገር ወንድሜን እስር ቤት ሊያስገባው ነው። ዳኛው ሰው አትላክበት ብሎታል።»

«ሽምግልናም ወንጀል ሆነ?» አሉ። የሚጠይቁት እኔን ሳይሆን ከዘራቸውን ይመስል ነበር።

«እዚህ አገር ሆኗል። ማን ነው የላከዎት? እሱ ነው?» ብዬ ወደ ወንድሜ ጠቆምኩ።

«አልላክኩም» አለ ወንድሜ። «ኮል አላደረግኩም፣ ቴክስት አላደረግኩም፣ ምንም።»

አባባ ወደ እሱም ወደ እኔም አላዩም። «የላከኝን አልናገርም» አሉ። «ሽማግሌ ነኝ። የሰው ገመና እዚህ ይዤ እሞታለሁ» ብለው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ።

«እንግዲያው እርቁ ራሱ ለምን አስፈለገ? ለአንድ ድስት?»

«ወንድምሽ ለድስት ሰው የሚገፋ ይመስልሻል?» አሉኝ አባባ።

ወንድሜ ብድግ ብሎ ወጣና የመኝታ ቤቱን በር ዘጋ። እኔም ገባኝ አልኩ። እሱ ነው የላካቸው። ፈርቶ፣ ተጨንቆ፣ ሳይነግረኝ ልኳቸዋል፤ እሳቸውም ሊያወጡት አልፈለጉም። አባባን ሸኝቼ ስመለስ በሩ ላይ ቆምኩና ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። ከዚያ አወረድኩት። አዎ ቢለኝ ምን ላደርግ ነው? አውቄ ልዋሽለት፣ ወይስ አውቄ ላሳስረው? ባላውቅ ይሻለኛል ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ።

ጠበቃዋ በማግስቱ ሁለታችንንም ቢሮዋ ጠራችን። እኔን አስወጥታ እሱን ብቻውን ጠየቀችው። ስመለስ ነገሩን እንዲህ ብላ አስረዳችን፦ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ከደረሰበት ዋስትናው ያበቃል፤ እኛ ቀድመን ከነገርናቸው ዳኛው ሊሰማን ይችላል፤ ይችላል እንጂ ይሰማናል አልልም። መወሰን ያለበት እሱ ነው አለች።

ወንድሜ እጆቹን ጭኖቹ መሃል አድርጎ ወለሉን አየ። «ንገሪያቸው» አለኝ በአማርኛ። «ደክሞኛል። እውነቱን ሰምተው ያድርጉ የሚያደርጉትን።»

ተረጎምኩላት። እውነቱ እኮ ገና አልታወቀም፤ ለእኔ ደግሞ አለመታወቁ ነበር የመጨረሻው ተስፋዬ።

የቀጠሮው ቀን ጧት ወንድሜ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። የቤት ቁልፉን፣ ስልኩን፣ ሰዓቱን። ካልተመለስኩ ማለቱ ነው። ቁልፉን አንስቼ እምቢ ብዬ ኪሱ ውስጥ መልሼ ከተትኩት።

አዲሱ ችሎት ስንሰማው የነበረውን ያህል ችሎት አይመስልም። ሰፊ ክፍል ነው፤ የዳኛው መቀመጫ እንኳ ከኛ ብዙም ከፍ አይልም። እንደ እኛ ያሉ ሰዎች፣ የዓመታት ቀጠሮ ያጎበጣቸው፣ ዙሪያውን ተኮልኩለዋል። ዳኛው ፀጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው፤ ጎመን እንደሚቀነጥስ ሰው መዝገቡን አንድ በአንድ አንስተው ይጨርሱና ወደ ጎን ያደርጉታል። ከፊታችን የተጠራው ሰው ጉዳይ ወንበሬን ሳላሞቅ አለቀ። በብረት በር በኩል ይዘውት ገቡ። ሚስቱ ኮቱን እንደ ያዘች ቀረች። 

ከዚያ እኛ ተጠራን። ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ ማኅደራችንን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት ለእሱ የደረሰው በቅርቡ ነው። ተነስቶ የወንድሜ ዋስትና እንዲነሳ ጠየቀ። ሰው ልኳል አለ። ጠበቃዋ አልላከም አለች። ዳኛው የተላከው ሰውዬ ይምጣ አሉ።

ጠበቃዋ አስጠርታቸው ኮሪደር ላይ ሲጠብቁ የነበሩት አባባ ገቡና ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ወደ ምስክር ወንበሩ ሄዱ። ቀኝ እጃቸውን አንስተው ማሉ፤ ሳይጠየቁም አማተቡ። አስተርጓሚው ከግድግዳው ስክሪን ላይ ሆኖ ነው የሚተረጉመው። እኔ ሁለቱንም ቋንቋ ስለምሰማ ሁሉንም ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የምፈራው።

«ተጎጂው ቤት ሄደዋል?»

«ሄጃለሁ።»

«የላከዎት ተከሳሹ ነው?»

«አይደለም።»

«እህቱ ናት?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ከዘራውን ጨብጬ ቀረሁ።

«እሷማ ብትሰማ አንቃ ትገድለኝ ነበር» አሉ አባባ።

አስተርጓሚው አንድ ቃል ሳያስቀር አስተላለፈው። ዳኛው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። በሰው አካል ጉዳት በተከሰሰው ወንድሜ ጉዳይ ላይ አንቆ ገዳይ እህት ሆኜ ተዋወቅኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ታዲያ ማን ላከዎት?»

ዐቃቤ ሕጉ ጥያቄውን ደገመ። ወንድሜን ከጀርባው ነበር የማየው፤ አንገቱ ላይ ላቡ ሲወርድ ይታየኛል። በልቤ ይሄው አለቀ፣ አሁን ስሙን ሊጠሩት ነው እላለሁ።

«ክቡር ዳኛ» አሉ አባባ፣ «ይህን ብናገር የአንድ ሰው ክብር ይነካል።»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ምለዋል፣ መመለስ አለብዎት አሉ። አባባ መሃረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ።

«የጠራኝ እሱ ራሱ ነው።»

«እሱ ማን?»

«ክንዱ የተሰበረው ልጅ። መጥሪያው ቤቱ ሲደርሰው ደወለልኝ። ይምጡልኝ አለኝ፤ ሄድኩ። እኔ እሱ ላይ ከመሰከርኩ ያባርሩታል፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ አለኝ። ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ሐዘን ላይ እያለ የሞተች እናቱን ሰድቤበታለሁ አለኝ። እናቱ ካረፈች ሁለት ወር አልሞላትም ነበር። ቀድሞ እርቅ የጠየቀው እሱ ነው እንዳይባል አይንገሩብኝ አለኝ። በኛ ወግ ሽማግሌ የሚልክ የበደለ ነው እንጂ የተሰበረ አይደለም። ያልተናገርኩት ለዚህ ነው።»

እናቱን። እናቱ እኮ እናቴ ናት።

ወንድሜ አልዞረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ድስት፣ ድስት ሲለኝ የኖረው ያን ስድብ ለእኔ ላለመድገም ነው። ፖሊስም ሲጠይቀው፣ ጠበቃም ስትጠይቀው ያለው ይህንኑ ነው፤ ቢናገር ይጠቅመው የነበረውን ነገር ለእኔ ሲል ውጦት ኖሯል። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ እጄን ያወረድኩ ነኝ። ማልቀስ ፈለግሁ፤ ግን ፍርሃቱ ገና ስላልለቀቀኝ እንባው አልመጣም።

ልጁ ምስክር ስለሆነ ኮሪደር ላይ ሲጠብቅ ነበር፤ አስገቡት። አባባን ሲያይ ሁሉንም እንደተናገሩ ገባው፤ አንገቱን ሰበረ። ዐቃቤ ሕጉ ሲጠይቀው ቃል በቃል ያንኑ ደገመው። ስለ እሁዱ ነገር ግን ትንፍሽ አላለም። ዳኛው ትእዛዙ የተሰጠው ለተከሳሹ ነው፣ ተከሳሹ ሰው ላከ የሚባል ነገር አላየሁም ብለው የዋስትናውን ጥያቄ ውድቅ አደረጉ። ከዚያ ጠበቃዋና ዐቃቤ ሕጉ ሊደራደሩ ወጡ። ያ ጊዜ ርዝመቱ! ሲመለሱ ጠበቃዋ ጎንበስ ብላ በጆሯችን ነገረችን፤ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ቁጣን የመቆጣጠር ትምህርት ይማራል፣ ለአንድ ዓመት ከነገር ርቆ ይቆያል፣ ከዚያ ክሱ ይሰረዛል። እስከዚያ ግን አለመቅረቡ፣ አለመደወሉ፣ ሰው አለመላኩ እንዳለ ይቀጥላል።

«ከታረቁም በኋላ?» አልኳት።

«ከታረቁም በኋላ።»

ዳኛው ቀጣዩን መዝገብ አንስተው ነበር።

ለአባባ ከዘራቸውን መልሼ ወደ መኪናቸው ሸኘኋቸውና ተመልሼ ወንድሜን ወረቀቱን ፈርሞ እስኪወጣ ጠበቅኩት። ሊፍቱ ጋ ቆምን። በሩ ሲከፈት ልጁ ብቻውን ውስጥ ነበር፤ ከላይኛው ፎቅ እየወረደ መሆኑ ነው። ወንድሜ ሳያስበው ሊገባ እግሩን አነሳ። እጅጌውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት።

ልጁ ያን የማይዘረጋ ክንዱን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። ወንድሜም ዝቅ አለ፤ ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። በሩ መዘጋት ሲጀምር እኔም እንደ እነሱ ዝቅ አልኩ።

ቀና ስል መጀመሪያ ያደረግሁት ጣሪያው ላይ ካሜራ መፈለግ ነው።